ማውንቴን ሳይክል በአቅም መግዛት፦ ከጎጃም ነጂዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አዲስ ማውንቴን ሳይክል ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ ያለውን መንገድ እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ዋጋ በብር አልጠቀስኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል።

ከፊት ብቻ ሞላ ያለው ይሻላል ወይስ ከፊትም ከኋላም ያለው?

ከፊት ብቻ። በዚህ ላይ አላመነታም። ሃርድቴይል የሚባለው ይኸው ነው፤ ከፊት ሞላ አለው፣ የኋላው ፍሬም ግን አንድ ወጥ ሆኖ የተበየደ ነው። በውድ ዋጋ የሚሸጡት ባለ ሁለት ሞላ ሳይክሎች ግሩም ናቸው። በመካከለኛ በጀት የሚገኙት ግን ሌላ ነገር ናቸው። የኋላው ሞላ ክብደት ይጨምራል። አቀበት ላይ የእግራችሁ ጉልበት ሞላውን ወደ ላይ ወደ ታች በማወዛወዝ ያልቃል። መገጣጠሚያዎቹ አቧራና ጭቃ ሲገባባቸው ይላላሉ፣ ሳይክሉም ከወገቡ መወላወል ይጀምራል። የዚያን መገጣጠሚያ መለዋወጫ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።

ባለ ሁለት ሞላውና ባለ አንዱ እኩል ዋጋ ከተጠራባቸው ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ። የሁለተኛው ሞላ ወጪ ከየት ተቀነሰ? ብዙ ጊዜ ከፍሬኑ፣ ከሞዞው (ጎማው መሃል ዘንጉ የሚያልፍበት ክፍል) እና ከማርሹ ነው። እነዚህ ደግሞ በየቀኑ የምትጠቀሙባቸው ናቸው።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ብቻ ነው የምነዳው። ማውንቴን ሳይክል ያስፈልገኛል?

ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሳይክልም ለከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ሲነዳ የኖረባት ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የብስክሌት መስመር አለው። መንገዳችሁ አስፋልት ብቻ ከሆነ ሞላ የሌለው ቀላል ሳይክል ይበቃችኋል። በተረፈው ገንዘብ ጥሩ ቁልፍና ሄልሜት ግዙ።

በየቀኑ ኮብልስቶን ላይ የምትነዱ ከሆነ፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ወደ ዘጌ አቅጣጫ በጥርጊያ መንገድ የምትወጡ ከሆነ ግን ሃርድቴይል ዋጋ አለው። ደብረ ማርቆስ ላላችሁማ ጥያቄው ራሱ ይለያል። ከተማው 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ አቀበቱና ቁልቁለቱም ብዙ ነው። ከዚያ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ካቀናችሁ መሬቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እዚያ ዝቅተኛ ማርሽና የሚይዝ ፍሬን የግድ ናቸው።

ገንዘቤ ውስን ነው። በቅድሚያ ምን ላይ ላውለው?

የሁሉም መጀመሪያ ልካችሁ የሆነ ፍሬም ነው። ቀጥሎ ፍሬን። ከዚያ ጎማውን የሚሸከሙት ሞዞና ቸርኬ። ከዚያ ማርሽ። የፊት ሞላው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በመጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ነው፣ ቀጥሎ የሞላው ውፍረት፣ ከዚያ የማርሹ ብዛት።

ስለ ፊት ሞላው ትንሽ ላብራራ። በዚህ የዋጋ ክልል የምታገኙት ውስጡ የብረት ጥቅልል ያለበት ነው። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ይበልጣል፤ የሚተጣጠፈውም 80 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለጎጃም ኮረኮንች በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ አትፈልጉ። ሳንቱር የሚባለው አምራች በርካሽ ሳይክሎች ላይ የሚገጠሙ ኤክስ ሲ ቲ እና ኤክስ ሲ ኤም የተባሉ ሞዴሎች አሉት። የሚያስደንቁ አይደሉም፤ ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። ስም የሌለው ሞላ ከሆነ ፈትኑት። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጫኑት። ለስልሶ ወርዶ ለስልሶ መመለስ አለበት። ቀጭ ብሎ ከተያዘ፣ ወይም ሲመለስ ጓ የሚል ድምፅ ካሰማ ተዉት። እውነቱን ለመናገር ከመጥፎ ሞላ ይልቅ ሞላ የሌለው ጠንካራ ሹካ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ክፍል) ይሻላል።

ከጠቅላላው በጀት ደግሞ አንድ አምስተኛውን አትንኩት። ሄልሜት፣ ቁልፍ፣ ፖምፓ፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና መብራት ከዚያ ይገዛሉ። ያለ ሄልሜት ሳይክል መግዛት ግማሽ ግዢ ነው። ጭንቅላታችሁን አስቡ፤ ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

የዲስክ ፍሬን የግድ ነው?

ዲስክ ማለት ሞዞው ላይ የተገጠመውን ክብ ብረት በመያዝ የሚያቆመው ፍሬን ነው። የግድ አይደለም፤ ግን የት እንደምትነዱ ይወስነዋል።

ቸርኬውን በጎማ የሚይዘው የድሮው ዓይነት፣ ቪ ብሬክ የሚባለው፣ ርካሽ ነው። ማንም ያስተካክለዋል። ለባሕር ዳር ሜዳ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። በክረምት ጭቃው ከፍሬኑ ጎማ ጋር ሆኖ ቸርኬውን እየሞረደ ይበላዋል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቸርኬው ይግላል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል።

ቁልቁለት ስንል እኛ ጋ ቀልድ አይደለም። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ ዲስክ ግዙ፤ ከፊት ያለው ዲስክ ስፋቱ 180 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፣ 160ም ያስኬዳል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዛችሁ አትውረዱ። ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ልቀቁት፣ እንደገና ያዙ። በየመሃሉ ቆማችሁ አቀዝቅዙት። የጭነት መኪና ሾፌሮችም እዚያ ቦታ ላይ ይጠነቀቃሉ፤ እናንተም ተጠንቀቁ።

ዲስኩ በገመድ የሚሠራ ነው ወይስ በዘይት? በዘይት የሚሠራው በአንድ ጣት ይይዛል፤ ለእጅም ያርፋል። ሺማኖ የተባለው የሳይክል ዕቃ አምራች የሚሠራው ኤም ቲ 200 ርካሽና አስተማማኝ ነው። ጥገናው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሺማኖ ፍሬን የሚጠቀመው ሚኔራል ዘይት ነው። የሞተር ሳይክልና የመኪና ፍሬን ዘይት ዶት የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ በቅን ልቦና ዶት ቢጨምርበት ውስጡ ያሉት የጎማ ቀለበቶች አብጠው ፍሬኑ ይበላሻል። ስለዚህ ባሕር ዳር ሆናችሁ የሳይክል ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ካላችሁ የዘይቱን ግዙ። ቢቸና ወይም አዴት ከሆናችሁ በገመድ የሚሠራ ዲስክ እመርጥላችኋለሁ። ገመድ ቢበጠስ በየትም ይቀየራል።

አንድ ማሳሰቢያ። ምርጫው ስም በሌለው ዲስክና በጥሩ ቪ ብሬክ መካከል ከሆነ ቪ ብሬኩን ውሰዱ።

ባለ 21 ማርሹ ከባለ 9 አይበልጥም?

በቁጥር ይበልጣል። አቀበት ላይ ግን ቁጥሩ አይገፋችሁም።

ባለ 21 ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ባለ ጥርስ ክቦች ማለት ነው። ከ21ዱ ብዙዎቹ ይደጋገማሉ፤ በፊተኛው መካከለኛ ክብ የምታገኙትን በትልቁም ታገኙታላችሁ። መጠየቅ ያለባችሁ ዝቅተኛው ማርሽ ምን ያህል ዝቅ ይላል የሚለውን ነው። ቀላል ሒሳብ ነው። የፊቱን ትንሹን ክብ የጥርስ ብዛት በኋላው ትልቁ ክብ የጥርስ ብዛት አካፍሉት። ብዙ ርካሽ ባለ 21 ሳይክሎች ከፊት 24፣ ከኋላ 28 ናቸው፤ 0.86 ይመጣል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ያለው ባለ 24 ማርሽ 0.65 ይሰጣል። ከፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ ክብ፣ ከኋላ ትልቁ 42 የሆነ ባለ 9 ማርሽ ደግሞ 0.76 ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አቀበቱ ይቀላል። ባለ 9ኙ ባለ 21ዱን የሚያሸንፈው በዚህ ነው። ጥርሱን ሱቅ ውስጥ ቁጠሩት፤ ሻጩ ይጠብቃችኋል።

ሌላው ቁም ነገር ከውጭ አይታይም። የኋላው ማርሽ ከሞዞው ጋር የሚያያዝበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሙሉው ማርሽ ከነመሽከርከሪያው ሞዞው ላይ እንደ ብሎን የሚጠብቅበት ነው። እዚህ ላይ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ ዘንጉ ያለ ድጋፍ ይረዝማል፤ በዕቃና በኮረኮንች ብዛት ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ሁለተኛው ካሴት የሚባለው ነው፤ ኩሽኔታው ወደ ጫፍ ወጥቶ ዘንጉን ይደግፈዋል። ባለ 7 ማርሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ከ8 ጀምሮ ካሴት የማግኘት ዕድላችሁ ይጨምራል። በጀታችሁ ትንሽ ከተንጠራራ ለዚህ ተንጠራሩ። ጭነት ለሚሸከም ሰው ከምንም በላይ ይህ ለውጥ ያመጣል።

የሺማኖን ደረጃ ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ከታች ወደ ላይ ቱርኒ፣ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲዮር እያለ ይሄዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኪውስ የሚባል አዲስ መስመር ወጥቷል። ለመካከለኛ በጀት አልተስ ይበቃል። ባለ 6፣ 7 እና 8 ማርሽ ሳይክሎች አንድ ዓይነት ሰንሰለት መጠቀም ይችላሉ፤ ርካሽም ነው። ይህም ለባለ 8 አንድ ተጨማሪ ነጥብ ነው።

የጎማው መጠን 26፣ 27.5 ወይስ 29 ኢንች?

29 ኢንች ጉድጓድና ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል። ኮረኮንች ላይ ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። 26 ደግሞ የቆየ መጠን ነው፤ ብዙዎቹ የቆዩ ማውንቴን ሳይክሎች በእሱ ነው የሚሄዱት። ሦስቱ አይለዋወጡም፤ የ26 ጎማ 27.5 ቸርኬ ላይ አይገባም።

ስለዚህ ሳይክሉን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ከተማችሁ መለዋወጫ ሱቅ ሂዱና የትኛው መጠን እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። 29 ካለ 29 ግዙ። ከሌለ፣ ወይ ሁለት ትርፍ ጎማ አብራችሁ ግዙ፣ ወይ 26 ይዛችሁ በሰላም ኑሩ። ቁመታችሁ ከ160 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነም 26 ወይም 27.5 ይስማማችኋል። የጎማው ስፋት 2.1 ወይም 2.2 ኢንች ቢሆን ጥሩ ነው።

የጎማው መንፊያ አፍስ?

የመኪና ጎማ አፍ የሚመስለውን ወፍራሙን ምረጡ። የትኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ቀጭኑ አፍ ከሆነ አስማሚ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትቀመጣለች። ጎሚስታ ጋ ስትነፉ ግን አጠገቡ ቁሙ። የመኪናው ኮምፕረሰር የሳይክል ጎማን በቅጽበት ይሞላዋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በጥርጊያ መንገድ 35 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ይበቃል። ድንጋይ እስኪመስል ከተነፋ ሳይክሉ ይዘላል፣ መንገዱንም በደንብ አይዝም።

ልኬን እንዴት አውቃለሁ?

ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ የፍሬሙን አግዳሚ ቱቦ በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ። በቱቦውና በእናንተ መካከል ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ከዚያ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች አዙሩ። እግራችሁ ቀጥ ካለ የመቀመጫው ከፍታ ትክክል ነው። መቀመጫውን ከተጻፈበት የመጨረሻ ምልክት በላይ ማውጣት ካስፈለጋችሁ ፍሬሙ አንሷል።

ለግምት ያህል ከ160 እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሰው ከ15 እስከ 17 ኢንች ፍሬም፣ ከ170 እስከ 180 ለሆነ ከ17 እስከ 19 ይሄዳል። ግን ሰውነት ይለያያል። ሳትቀመጡበት አትግዙ።

ለ13 ዓመት ልጄ ልገዛላት ነው። ታድግበት ዘንድ ትልቁን ልውሰድ?

አይሆንም እናቴ። የልጅ ልብስ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል፤ ሳይክል ግን እንዲያ አይሆንም። እግሯ መሬት ካልደረሰ ትወድቃለች፣ ከወደቀች ትፈራለች፣ ከፈራች ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ዛሬ የሚሆናትን ግዙላት። ትንሽ ከፍ ያለ የመቀመጫ ቱቦና ወደፊት ሊገፋ የሚችል መቀመጫ ያለው ከሆነ የተወሰነ ዓመት ያቆያታል። የፍሬን መያዣውንም እዩ፤ ጣቷ ሳትንጠራራ መድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ መያዣውን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች። ቀሚስ ለብሳ የምትነዳ ከሆነ አግዳሚ ቱቦው ዝቅ ያለ ፍሬም አለ፤ እሱን ጠይቁ። ስትሰለጥን ደስታዋን ታያላችሁ።

አሉሚኒየም ወይስ ብረት?

በዚህ ዋጋ አሉሚኒየም። ቀላል ነው፣ በክረምት አይዝግም። ፍሬሙ ላይ 6061 የሚል ቁጥር ካያችሁ የአሉሚኒየም ዓይነቱ ነው፤ የተለመደና ጥሩ ነው። ብረት ከሰፈር በያጅ ጋ መበየድ ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን የተለየ ብየዳ ይፈልጋል። ሩቅ ገጠር ለሚኖርና ዕቃ ለሚጭን ሰው ይህ ሚዛን ይደፋ ይሆናል።

ዕቃ ልጫንበት?

ሃርድቴይል ለዚህም ይመቻል፤ የኋላው ስለማይተጣጠፍ መጫኛ ይገጠምለታል። ስትገዙ ከኋላው ዘንግ አጠገብና ከመቀመጫው ሥር ለመጫኛ የተዘጋጁ የብሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዩ። የመጫኛውን አቅም ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ 25 ኪሎ ነው። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሰው ከኋላ አፈናጥጣችሁ ኮረኮንች ላይ አትንዱ።

የታዋቂ መኪና ስም የተጻፈበት ሳይክል ጥሩ ነው?

ስሙ ስለ ሳይክሉ ምንም አይነግራችሁም። ተለጣፊ ማንም ያሳትማል። ከስሙ ይልቅ የኋላ ማርሹ፣ ፍሬኑና ሞዞው ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ጎማውን አንሡና አሽከርክሩት። ወደ ግራና ቀኝ እየተወላገደ ከዞረ ሽቦዎቹ አልተስተካከሉም። ጎማውን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ካቅ ካቅ ካለ ኩሽኔታው ልል ነው። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ አንቀሳቅሱ፤ አንገቱ ላይ የሚሰማ ንቅናቄ መኖር የለበትም። ይህን ሁሉ የሚከለክላችሁ ሻጭ ጋ አትግዙ።

በክረምት መረሬ ላይ መንዳት ይቻላል?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቁሩን መረሬ ማንም ሳይክል አያሸንፈውም። ጭቃው በጎማውና በፍሬሙ መካከል ይሞላና መሽከርከሩ ይቆማል። በዚህ ወቅት በአስፋልት ወይም በጠጠር መንገድ ተወሰኑ። አዲስ ስትገዙ ግን በጎማውና በፍሬሙ መካከል በየጎኑ ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለውን ምረጡ።

ከጭቃ በኋላ ላቫጆ አትውሰዱት። በግፊት የሚመጣው ውኃ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል። በባልዲና በጨርቅ እጠቡት። ሰንሰለቱን አድርቃችሁ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበትና ትርፉን ጥረጉ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለ ሰንሰለቱን ይበላዋል።

ሳይክሉ በካርቶን ተፈትቶ ነው የመጣው። ራሴ ልገጣጥመው?

መፍቻና ትዕግሥት ካላችሁ ይቻላል። ሁለት ነገር ሰው ያሳስታል። የመጀመሪያው ፔዳል ነው። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን ተቃራኒ ነው፣ ወደ ግራ ይጠብቃል። ጫፋቸው ላይ አር እና ኤል የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ፤ አር የቀኝ ነው። በግድ ከተጠመዘዘ ክሩ ይበላና ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ መቀየር ይመጣል። ሁለተኛው የፊት ሹካው ነው። ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይገጠማል። ነጂው ተቀምጦ ሲታይ የዲስክ ፍሬኑ በግራ እጁ በኩል መሆን አለበት።

የመቀመጫውን ቱቦ ከማስገባታችሁ በፊት ግራሶ ቀቡት፤ አለዚያ ከጊዜ በኋላ ፍሬሙ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፍሬንና የማርሽ ገመዶች ይላላሉ፤ የተለመደ ነው፣ አስጠብቋቸው። የፔዳል ክንዶቹን ብሎኖችም እንደገና አጥብቁ። ክንዱ ልል ሆኖ ከተነዳ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢጠበቅ አይይዝም።